ተገጣጣሚ ቤቶችን በፋብሪካ ለማምረት በኮምፒዩተር አስቀድሞ የመሞከር ዘዴ

በድርቅ፣ በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ወይም በሌላ አደጋ ከቀዬው ለተፈናቀለ ሕዝብ ከእህል፣ ከውኃና ከመድኃኒት ቀጥሎ አንገብጋቢ የሚሆነው የመጠለያ ጉዳይ እንደሆነ በዕርዳታ ሥራ ላይ ለተሰማራ ሁሉ የታወቀ ነው። ድንኳንና ሸራ ለጥቂት ወራት ያገለግሉ ይሆናል እንጂ የክረምቱን ዝናብና የበጋውን ፀሐይ ለዓመታት ሊመክቱ አይችሉም። በዚህም ምክንያት በኢንዱስትሪ በገፉ አገሮች ቤትን እንደ ማንኛውም ዕቃ በፋብሪካ አምርቶ፣ በመኪና አጓጉዞ፣ በተዘጋጀለት ቦታ ላይ የማቆም አሠራር ከተስፋፋ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ሆኖም ፋብሪካ ስላለ ብቻ ቤት በተፈለገው ቀን ይደርሳል ማለት አይደለም። በወር 200 ቤት ለማስረከብ ውል ተገብቶ በወሩ መጨረሻ 160 ብቻ ቢገኝ፣ የጎደሉት 40 ቤቶች በመዝገብ ላይ ቁጥር ቢሆኑም በሜዳ ላይ ግን በሸራ ሥር የቀሩ 40 ቤተሰቦች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ጉድለት ከየት እንደሚመነጭ፣ እንዲሁም ገንዘብ ከመውጣቱና ቃል ከመሰጠቱ በፊት በኮምፒዩተር አማካይነት እንዴት ሊታወቅ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

1. ቤት በፋብሪካ እንዴት ይሠራል?

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመረዳት የአሜሪካን አገር ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር በፋብሪካ ተሠርተው በመንኮራኩር እየተጎተቱ ወደ ቦታቸው የሚሄዱ ቤቶች ሊያሟሉት የሚገባውን ደረጃ የሚወስን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሲሆን፣ ዝርዝር ደንቡም ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት በመሆኑ የቤቱ አሠራር በየከተማው የግንባታ ደንብ ለየብቻ መመዘን አያስፈልገውም።

ቤቱ የሚጀመረው ከብረት ሻንሲ ነው። በሻንሲው ላይ ወለሉ ይሠራል፤ ወደሚቀጥለው የሥራ ጣቢያ ተገፍቶም ግድግዳው ይቆምለታል፤ ከዚያም በመስመሩ ጎን ለብቻው የተሠራው ጣራ በክሬን ተነሥቶ ይጫንበታል። የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመሩ፣ በሩና መስኮቱ፣ የውጭ ልባሱ፣ ቀለሙና የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን በየተራቸው ይገባሉ። በመጨረሻም ተፈትሾ፣ በመኪና ተጎትቶ ከፋብሪካው ይወጣል።

ይህ የምርት መስመር ከጫማ ወይም ከጠርሙስ ፋብሪካ የሚለይባቸው ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ምርቱ እጅግ ትልቅ ነው። ጫማ በሁለት ጣቢያዎች መካከል በቅርጫት ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል፤ ቤት ግን ከፊቱ ያለው ቤት ቦታ ካልለቀቀለት የሚቆምበት ስፍራ የለውም። ሁለተኛ፣ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሌላው ሦስት ይኖረዋል፤ የአንዱ ጣራ ቀላል፣ የሌላው ውስብስብ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጣቢያ ላይ የሚፈጀው ጊዜ ከቤት ወደ ቤት ይለያያል። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ችግር የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ጠባዮች መገጣጠም ነው።

2. አማካይ ቁጥር ለምን ያሳስታል?

ለትምህርት ያህል በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት የሥራ ጣቢያዎች አሉ እንበል፤ እነርሱም የወለል፣ የግድግዳና የጣራ ጣቢያዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ቤት አንዳንድ ጊዜ 40፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ 80 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው። የእያንዳንዱ ጣቢያ አማካይ ጊዜ እንግዲህ 60 ደቂቃ ይሆናል። የሥራው ቀን 8 ሰዓት፣ ማለትም 480 ደቂቃ ቢሆን፣ በአማካይ ቁጥር ብቻ የሚያሰላ ዕቅድ አውጪ 480ን ለ60 አካፍሎ በቀን 8 ቤት፣ በ25 የሥራ ቀናት 200 ቤት ይመረታል ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለበትም።

ነገር ግን ቤቶቹ ተከታትለው የቆሙ በመሆናቸው መስመሩ አንድ እርምጃ ወደፊት የሚሄደው ሦስቱም ጣቢያዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ነው። የቀደመው የዘገየውን ይጠብቃል። ይህን ለማረጋገጥ የሚከተለው ሙከራ በማንኛውም ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሊደረግ ይችላል። ሦስት ሳንቲሞች በአንድነት ይወርወሩ። አንበሳው ወደ ላይ የሆነለት ጣቢያ በ40 ደቂቃ፣ ጀርባው የወጣበት ጣቢያ በ80 ደቂቃ እንደጨረሰ ይቆጠር። ከሦስቱ ቁጥሮች ትልቁ ይመዝገብ፤ መስመሩ አንድ እርምጃ ለመሄድ የሚወስድበት ጊዜ እርሱ ነውና። የተመዘገበው ድምር 480 እስኪደርስ ድረስ ውርወራው ይደጋገም።

በአንድ ቀን ሙከራ ለምሳሌ 80፣ 40፣ 80፣ 80፣ 80 እና 80 ቢመዘገብ ድምሩ 440 ይሆናል። ሰባተኛው እርምጃ 80 ደቂቃ ከጠየቀ ሥራው ለማግሥቱ ያድራልና በዕለቱ የወጡት 6 ቤቶች ብቻ ናቸው። ሙከራው ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ውጤቱ አንድ ወጥ ሥርዓት ይይዛል። ሦስቱም ሳንቲሞች አንበሳ የሚሆኑት ከስምንት ውርወራ በአማካይ በአንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ከስምንት እርምጃ ሰባቱ 80 ደቂቃ ይወስዳሉ። ስለዚህ የአንድ እርምጃ አማካይ ጊዜ 60 ሳይሆን 75 ደቂቃ ነው፤ የቀኑ ምርት 6.4 ቤት፣ የወሩም 160 ቤት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባው፣ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ የሰነፈ ሠራተኛ፣ የተበላሸ መሣሪያ ወይም የጎደለ ጥሬ ዕቃ አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የተባለውን አማካይ ጊዜ ጠብቋል። 40ው ቤት የጠፋው በጊዜው መዋዠቅና ጣቢያዎቹ እርስ በርስ በመጠባበቃቸው ነው። ይህን ያልተረዳ ኃላፊ ጥፋተኛ ፍለጋ ፎርማኑን ይቀይራል፤ ምርቱ ግን አይጨምርም።

በዚሁ ሳንቲም ሁለት የመፍትሔ ሐሳቦችን ማወዳደር ይቻላል። የመጀመሪያው ሐሳብ ለጣራ ጣቢያው አዲስ መሣሪያ ገዝቶ ሥራው ሁልጊዜ በ40 ደቂቃ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን የእርምጃው አማካይ ጊዜ ወደ 70 ደቂቃ ይወርዳል፤ የወሩ ምርትም ወደ 171 ቤት ከፍ ይላል። ሁለተኛው ሐሳብ ምንም መሣሪያ ሳይገዛ፣ ጥሬ ዕቃውን በየጣቢያው አስቀድሞ በማቅረብና ወደ ተጨናነቀው ጣቢያ ተዘዋውሮ የሚረዳ ሠራተኛ በመመደብ፣ በሦስቱም ጣቢያዎች 40 እና 80 የነበረውን ጊዜ 50 እና 70 ማድረግ ነው። አማካዩ እንደቀድሞው 60 ነው። የእርምጃው ጊዜ ግን 67.5 ደቂቃ ስለሚሆን የወሩ ምርት ወደ 178 ቤት ይደርሳል። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሥራን ማስተካከል አንዱን ጣቢያ ከማፍጠን የበለጠ ጠቅሟል ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ፍርድ በግምት ብቻ መስጠት አስቸጋሪ ነው።

3. የአምሳያ ሙከራ ምንነትና አመጣጥ

እውነተኛው የቤት ፋብሪካ ሦስት ሳይሆን ብዙ ጣቢያዎች አሉት። የጎን ክፍሎችም ጣራና ግድግዳ እየሠሩ ወደ ዋናው መስመር ያቀርባሉ። መሣሪያ ይሰበራል፣ ሠራተኛ ይታመማል፣ እንጨት የጫነ መኪና ይዘገያል። ይህን ሁሉ በሳንቲም መከታተል ስለማይቻል ሥራው ለኮምፒዩተር ይሰጣል። በባለሙያዎች ዘንድ ሲሙሌሽን ተብሎ የሚጠራው ዘዴ ይኸው ነው። የፋብሪካው ጣቢያዎች፣ የሥራው ቅደም ተከተልና የጊዜው መዋዠቅ በፕሮግራም ተጽፈው ለኮምፒዩተሩ ይሰጡታል። ኮምፒዩተሩም በሳንቲሙ ፈንታ የዕድል ቁጥሮችን እያወጣ፣ አንዱ ድርጊት ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ድርጊት ሰዓቱን እያሻገረ፣ የወራትን ምርት በአጭር ጊዜ ውስጥ ቆጥሮ ያቀርባል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በዕድል ቁጥሮች የማስላት ጥበብ በ1940ዎቹ በአሜሪካ በስታኒስላቭ ኡላምና በጆን ፎን ኖይማን ተራምዷል። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄፍሪ ጎርደን የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያ ተራ መጠበቅንና ወረፋን ለማጥናት የሚያገለግል ጂ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የተባለ የሲሙሌሽን ቋንቋ አዘጋጀ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በኖርዌይ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። በ1970ዎቹ ደግሞ ዳንኤል ሃልፒን ሳይክሎን የተባለውን ዘዴ በማውጣት ሲሙሌሽን በግንባታ ሥራ ላይ በቀላሉ እንዲውል አደረገ። ከ2000 ወዲህ በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴትና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፋብሪካ ቤቶችን የምርት መስመርና የጣቢያዎች አቀማመጥ በዚሁ ዘዴ አጥንተዋል። በመጀመሪያ ታላላቅ ኮምፒዩተሮችን ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒዩተር ይሠራል።

4. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ጥያቄው ተለይቶ ይታወቅ። "ፋብሪካውን እናጥና" የሚለው ጥያቄ አይደለም። "ሁለተኛ የጣራ ጣቢያ ቢጨመር በወር ስንት ቤት ይጨምራል?" የሚለው ግን ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜው በሰዓት ይለካ። የጣቢያው ኃላፊ "አንድ ሰዓት ይፈጃል" ቢል አይበቃም። ብዙ ቤቶች ሲሠሩ ተገኝቶ፣ አጭሩንም ረጅሙንም ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከላይ እንደታየው ጉዳት የሚያመጣው አማካዩ ሳይሆን ልዩነቱ ነውና።

ሦስተኛ፣ የሥራው ፍሰት በሥዕል ይነደፍ። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ፣ የት ላይ ማቆያ ስፍራ እንዳለና የት እንደሌለ በግልጽ ይታይ።

አራተኛ፣ አምሳያው ከእውነቱ ጋር ይመሳከር። ፋብሪካው ባለፈው ወር ያወጣው ምርት ታውቆ፣ አምሳያው ለዚያው ወር ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ይነጻጸር። ያለፈውን መናገር ያልቻለ አምሳያ ስለወደፊቱ ሊታመን አይገባውም።

አምስተኛ፣ እያንዳንዱ አማራጭ ደጋግሞ ይሞከር። አንድ ቀን በአጋጣሚ 8 ቤት ሊወጣ ይችላል፤ ሌላ ቀን 6። የአንድ ጊዜ ሙከራ ውጤት የአንድ ቀን ወሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የሚፈለገው አማካዩ ብቻ ሳይሆን ከመጥፎዎቹ ወራት መካከል የሚገኘው ዝቅተኛ ምርት ጭምር ነው፤ ለተፈናቃዮች ሊገባ የሚችለው አስተማማኝ ቃል ይህ ነውና።

በዚህ ሂደት ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። አንዱ ማነቆ ሲከፈት ማነቆው አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል። የጣራው ሥራ ሲፋጠን ቤቶቹ በማጠናቀቂያው ጣቢያ ይደረደራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ለየትኛው ጣቢያ፣ እስከ ምን መጠን መዋል እንዳለበት የሚያሳየው ደረጃ በደረጃ የሚደረግ ሙከራ ነው።

5. ከፋብሪካው በር ውጭ

የአምሳያ ሙከራ ትልቁ ድክመት በውስጡ ያልገባውን ነገር ሊያሳይ አለመቻሉ ነው። አምሳያው በፋብሪካው በር ላይ ካበቃ፣ ከበሩ ውጭ ያለው መሰናክል ሁሉ አይታይም። ይህ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ሁለት የታወቁ ታሪኮች ያስረዳሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የቤት እጥረት በበረታ ጊዜ ሉስትሮን የተባለ ኩባንያ በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ኢናሜል ከተቀባ ብረት የሚሠሩ ቤቶችን በብዛት ለማምረት ተነሣ። ከመንግሥት ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብድር ተሰጠው። ፋብሪካው ታላቅ፣ ቤቱም ጠንካራ ነበር። ነገር ግን የቤቱ ዋጋ ከታሰበው በላይ ሆነ፤ የየከተማው የግንባታ ደንብ እንቅፋት ሆነበት፤ ቤቱን ተረክበው የሚሸጡት ወኪሎችም በቂ ካፒታል አልነበራቸውም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1950 ድረስ ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤቶች ብቻ አምርቶ ከሠረ።

ሁለተኛው ታሪክ ለዕርዳታ ሠራተኞች ይበልጥ የሚቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል በአሜሪካ የደቡብ ጠረፍ ላይ ካደረሰው ጥፋት በኋላ የአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳደር ለተፈናቃዮች ወደ 25,000 የሚጠጉ የፋብሪካ ቤቶችን ገዛ። ቤቶቹ ተመረቱ። ይሁን እንጂ በ2006 መጀመሪያ ላይ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት በአርካንሶ ግዛት ሆፕ በምትባል ከተማ በሚገኝ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ያለ ነዋሪ ተደርድረው ተገኙ። የአስተዳደሩ የራሱ ደንብ እንዲህ ያሉ ቤቶች በጎርፍ በሚጠቃ መሬት ላይ እንዳይቆሙ ይከለክል ነበር፤ ቤት ያጣው ሕዝብ ይኖርበት የነበረው መሬት ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነበር። ፋብሪካዎቹ ድርሻቸውን ቢወጡም ቤትና ባለቤት ሳይገናኙ ቀሩ። "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" እንደሚባለው ነው።

በጃፓንም እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል በኋላ ከ50,000 በላይ ጊዜያዊ ቤቶች ተሠርተዋል። በዚያ አገር የተገጣጣሚ ቤት ኢንዱስትሪ የዳበረ ነው። ተራራማ በሆነው የባሕር ጠረፍ ላይ አስቸጋሪ የሆነው ከማዕበሉ የራቀ ለጥ ያለ መሬት ማግኘት ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤቶች በፋብሪካ የሚመረቱበትን ዕቅድ የሚያጠና ባለሙያ የመሬቱን ዝግጅት፣ የፈቃዱን ሂደት፣ መንገዱን፣ ክሬኑን፣ የውኃና የመጸዳጃ ሥራውን እንደ ተጨማሪ የሥራ ጣቢያዎች ቆጥሮ በአምሳያው ውስጥ ማስገባት አለበት። የመስመሩ መጨረሻ የፋብሪካው በር ሳይሆን ቤተሰቡ ገብቶ የሚያድርበት ደጃፍ ነው።

6. ፋብሪካ በሌለበትስ?

ይህ አስተሳሰብ ፋብሪካ ላላቸው አገሮች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በኢትዮጵያ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቅ ከተጠቁት ክፍላተ ሀገር ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በተጓጓዘበት ጊዜ የሰፋሪዎቹ ቤቶች በአብዛኛው የተሠሩት ከእንጨትና ከሣር ነበር። ሥራው በችኮላ በመካሄዱ ሰዉ የደረሰው በብዙ ቦታ ቤቱ፣ ንጹሕ ውኃውና ሕክምናው ከመሟላታቸው አስቀድሞ ነበር፤ በወባና በሌሎች በሽታዎችም የብዙ ወገን ሕይወት ጠፍቷል። በዚያ ሥራ ውስጥ እንጨት መቁረጥ፣ ሣር ማጨድ፣ ማገርና ጣራ፣ የውኃ ጉድጓድና የጤና ጣቢያ እያንዳንዳቸው የሥራ ጣቢያዎች ነበሩ። ከሁሉ የዘገየው የሁሉም ወሰን ይሆናል። መኪናዎች በሳምንት ስንት ሰው ማድረስ ይችላሉ የሚለው ቁጥር ብቻውን ዕቅድ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፒዩተር በሌለበት ጣቢያ የሚሠራ ባልደረባ ከላይ የታየውን የሳንቲም ሙከራ በእህል ማደያ ወረፋ፣ በመኪና ጭነት ወይም በመጠለያ ሥራ ላይ ሊጠቀምበት ይችላል። የሚያስፈልገው ጊዜን በትክክል መመዝገብና የማን ሥራ ማንን እንደሚጠብቅ ማወቅ ነው።

በመጨረሻም፣ ተገጣጣሚ ቤቶችን ለመግዛት ወይም ለማምረት ውል የሚፈርም ኃላፊ አምራቹንም የራሱን መሥሪያ ቤትም የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይበጃል፦

ሀ. የተባለው የወር ምርት ከአማካይ ጊዜ የተሰላ ነው ወይስ የጊዜው መዋዠቅ ገብቶበታል?

ለ. ከመስመሩ ጣቢያዎች የትኛው ነው ማነቆው? እርሱ ሲከፈት ቀጣዩ ማነቆ የት ይሆናል?

ሐ. በመጥፎ ወር የሚገኘው ዝቅተኛ ምርት ስንት ነው?

መ. በየሳምንቱ ከፋብሪካ ለሚወጡት ቤቶች በዚያው ሳምንት የተዘጋጀና የተፈቀደ መሬት፣ ውኃና መንገድ አለ?

ሠ. ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ቤቶቹ የት ይቆያሉ? ሕዝቡስ እስከዚያ የት ያድራል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ከውሉ በፊት መልስ ከተገኘ ሙከራው የሚያስወጣው ወጪ ጥቂት ነው። መልሱ ከውሉ በኋላ ሲገኝ ግን ዋጋውን የሚከፍለው በሸራ ሥር የሚጠብቀው ቤተሰብ ነው።